የጅማ ውኃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?

ይህ ጽሑፍ በጅማ ከተማ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ ለሳይንስ መምህራንና ለወላጆች ካደረግሁት ንግግር የተዘጋጀ ነው። ለንባብ እንዲመች አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ፤ በመጨረሻ የተነሡትን ጥያቄዎችም አካትቻለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። የቅዳሜ ገበያችሁንም የቤት ሥራችሁንም ትታችሁ ስለመጣችሁ በጣም አመሰግናለሁ።

በጥያቄ ልጀምር። ውኃ በስንት ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል? (አዳራሹ በአንድ ድምፅ "መቶ!" አለ።)

ጥሩ። መጽሐፉም መቶ ይላል። አሁን ቴርሞሜትር ያለው ሰው እዚሁ ጅማ ውስጥ ውኃ አፍልቶ ይለካ። ቁጥሩ 94 አካባቢ ደርሶ ቀጥ ይላል። እሳት ብትጨምሩበት ውኃው ቶሎ ተንኖ ያልቃል እንጂ ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። ምክንያቱ ከፍታችን ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ናት። እዚህ ከላያችን ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው ያነሰ ስለሆነ የሚጫነን ግፊትም ያንሳል። ግፊቱ ሲያንስ ውኃ ለመፍላት ብዙ ሙቀት አያስፈልገውም። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ እየቀነሰ ሄዶ አዲስ አበባ ላይ 92 አካባቢ ይደርሳል። መጽሐፉ የሚናገረው ባሕር ጠለል ላይ ስላለ ውኃ ነውና ትክክል ነው። የእናንተም ቴርሞሜትር ትክክል ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ደብተሩ ነው። ተማሪው ቴርሞሜትሩ ላይ 94 ያነባል፣ መጽሐፉን ገልጦ ያያል፣ ከዚያ "ውጤት፦ 100 ዲግሪ" ብሎ ይጽፋል። እንዲህ የሚያደርጉት አብዛኛውን ጊዜ ጎበዞቹ ናቸው። ትክክለኛውን መልስ ስለሚያውቁ ዓይናቸውን አያምኑም። መምህሩም ትክክል ብሎ ያርምላቸዋል። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንን ነው፦ የትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ከምንም በላይ ሰው ያየውን እንዲጽፍና "ከምን ጋር አወዳድሬ ነው እንዲህ ያልሁት?" ብሎ ራሱን እንዲጠይቅ ማስለመድ አለበት። ይህ ካልተለመደ የተቀረው ዕቃ ማጠብ ብቻ ነው።

የስድስት ዲግሪ ልዩነት ምን ያመጣል የሚል ሰው ቢኖር አንድ ነገር ላሳየው። የሕክምናና የምርምር ላቦራቶሪዎች ዕቃዎቻቸውን ከጀርም የሚያጸዱት ኦቶክሌቭ በሚባል፣ እንፋሎትን አፍኖ በሚያሞቅ ማሽን ነው። ሙቀቱ 121 ዲግሪ ደርሶ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ መቆየት ይኖርበታል። ባሕር ጠለል ላይ የግፊት መለኪያው ቀስት 15 ፒኤስአይ (የግፊት መስፈሪያ ነው) ሲያሳይ ውስጡ 121 ዲግሪ ሆኗል ማለት ነው። እዚህ ቀስቱ 15 ላይ ሲቆም ውስጡ ገና 118 ገደማ ነው። መለኪያው የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ትርፍ ግፊት ብቻ ነው፤ የእኛ የውጭ አየር ደግሞ ከመነሻው ቀለል ያለ ነው። ስለዚህ ከፍታ ላይ የሚሠራ ባለሙያ ወይ ግፊቱን ይጨምራል፣ ወይ በሙቀቱ ይመራል። መመሪያው ላይ 15 ተጽፏል ብሎ በ15 የሚያቆም ሰው የጸዳ የሚመስል ግን ያልጸዳ ዕቃ ሊያወጣ ይችላል። መምህራን፣ 94 አይቶ 100 ብሎ መጻፍ የለመደ ልጅ ነገ እዚያ ማሽን ፊት የሚቆም ባለሙያ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ባዮሎጂ ልግባ። ሴል ሁላችሁም ተምራችኋል። እ.ኤ.አ. በ1665 ሮበርት ሁክ የቡሽ ቁራጭ በማይክሮስኮፕ አይቶ ትንንሽ ክፍሎች ማግኘቱን፣ ያየውም ሴሉ ከሞተ በኋላ የቀረውን ግድግዳ መሆኑን ታውቃላችሁ። እሱን ልለፈውና ሕይወት ያለውን ሴል እንይ። ለዚህ የሚያስፈልገን ቀይ ሽንኩርት ነው። አብዛኛው መመሪያ የሽንኩርቱን የውስጥ ስስ ሽፋን ልጣችሁ በአዮዲን አቅልሙት ይላል። በአገራችን ቀይ ሽንኩርት ግን የተሻለ መንገድ አለ። ደረቁን ቅርፊት አውልቁና ወፈር ካለው ሥጋ አንድ ቁራጭ ውሰዱ። ሐምራዊ በሆነው በውጭ ጎኑ በኩል ስስ ሽፋኑን በጥፍር ወይም በወረንጦ ላጡት። ከጣት ጥፍር ያነሰ ቁራጭ ይበቃል። ስላይድ ላይ አንድ ጠብታ ውኃ አድርጉ፣ ቁራጩን ሳይታጠፍ አንጥፉበት፣ መሸፈኛ መስታወቱን በአንድ ጎኑ አስነክታችሁ በቀስታ አስተኙት። ከላይ ዱብ ካደረጋችሁት አየር ይገባል። ዙሪያው ወፍራምና ጥቁር መስመር የሆነ፣ ቅልብጭ ያለ ክብ ነገር ካያችሁ እሱ የአየር አረፋ ነው። "ሴል" ተብሎ በጥንቃቄ ተስሎ ብዙ ደብተር ላይ አይቼዋለሁ።

ሽንኩርቱ ሴሉን ራሱ ቀልሞ አምጥቶላችኋል። ሐምራዊው ቀለም በሴሉ መሐል ባለው ቫኪዮል በሚባል ትልቅ የፈሳሽ ከረጢት ውስጥ የሟሟ ነው። ጡብ መስለው የተደረደሩ፣ ውስጣቸው ሐምራዊ የሆነ ሴሎች ታያላችሁ። አሁን ግማሽ ብርጭቆ ውኃ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙ። ከመሸፈኛው መስታወት በአንዱ ጎን አንድ ጠብታ የጨው ውኃ አድርጉ፣ በሌላው ጎን ሶፍት አስጠግታችሁ ውኃውን ሳቡ። የጨው ውኃው በሥሩ ይገባል። ዓይናችሁን ሳታነሡ ጠብቁ። ሐምራዊው ከማዕዘኖቹ መሸሽ ይጀምራል፣ ከግድግዳው ይላቀቃል፣ መሐል ላይ ኩምትር ይላል። ቀለሙም ይደምቃል፤ ያው ቀለም ባነሰ ውኃ ውስጥ ታጭቋልና። ግድግዳው ግን እንዳለ ይቆማል።

የሴል ግድግዳና የሴል ሽፋን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሁላችሁም በቃል ትወጡታላችሁ። ይህንን ያየ ልጅ ሁለተኛ ማጥናት አያስፈልገውም። ግድግዳው ጨውንም ውኃንም ያሳልፋል። ሽፋኑ ውኃን በቀላሉ ሲያሳልፍ ጨውን ያግዳል። ውጭው ጨዋማ ሲሆን ውኃው ከውስጥ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ኦስሞሲስ የምንለው ይህ ነው። ብዙ ሳይቆይ ንጹሕ ውኃ ከመለሳችሁለት ሴሉ ይሞላል፤ በሕይወት እንዳለ የምታውቁትም በዚሁ ነው።

ግን ቆዩ። ጨው እንዳኮማተረው በምን አወቅሁ? ከማይክሮስኮፑ መብራት ሙቀት የተነሣ ቢሆንስ? ከሽንኩርቱ ስለተላጠ ብቻ እየሞተ ቢሆንስ? ለዚህ ሁለተኛ ስላይድ ያስፈልጋል። ከዚያው ሽንኩርት የተላጠ፣ ለዚያው ያህል ደቂቃ በዚያው መብራት ሥር የቆየ፣ በጨው ፈንታ ተራ ውኃ የተሳበበት። እሱ ካልተኮማተረ ያኔ ጨው ነው ማለት ትችላላችሁ። ይህ ሁለተኛው ስላይድ ማነጻጸሪያ ይባላል። በትምህርት ቤቶቻችን ሰዓት ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀረው እሱ ነው። እኔ ደግሞ ሰዓት ካጠረ ዋናውን ግማሽ አድርጋችሁም ቢሆን ማነጻጸሪያውን አትተዉት እላለሁ።

መጠኑንም ለኩ። ብዙ ተማሪ "አራት መቶ እጥፍ አጉልቼ አየሁ" ይላል፤ ሴሉ ስንት ሚሊ ሜትር ነው ስትሉት ዝም ይላል። ዝቅተኛውን ባለ 4 ሌንስ አድርጉና ብርሃን የሚያሳልፍ ማስመሪያ ከሥሩ አስገቡ። የሚታየው ክብ ከዳር እስከ ዳር ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ቁጠሩ፤ በብዙ የትምህርት ቤት ማይክሮስኮፖች 4 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ወደ ባለ 10 ሌንስ ስትዞሩ ክቡ በሁለት ተኩል እጅ ይጠብና 1.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በዚያ ስፋት ውስጥ ስድስት ሴል በርዝመቱ ከተደረደረ አንዱ 0.3 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ቀይ የደም ሴል ከ7 እስከ 8 ማይክሮ ሜትር (ማይክሮ ሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) መሆኑን ካስታወሳችሁ፣ በዚያ የሽንኩርት ሴል ርዝመት ላይ አርባ ያህል የደም ሴሎች በሰልፍ ሊቆሙ ይችላሉ።

ወደ ኢንዛይም ልለፍ። ኢንዛይም ስሙ ብዙ ይጠራል፣ ሲሠራ ግን አይታይም። እኛ አካባቢ ለዚህ የሚሆን ቡላ አለን። ከእንሰት የሚወጣው ቡላ ጥሩ ስታርች ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ቡላ በአንድ ብርጭቆ ውኃ አቅጥናችሁ እያማሰላችሁ አፍሉትና አቀዝቅዙት። ከፋርማሲ የሚገዛውን አዮዲን ቀጠን ያለ ሻይ እስኪመስል በውኃ አቅጥኑ። ነጭ የሸክላ ሳህን ላይ የአዮዲን ጠብታዎች በመስመር ደርድሩ። አሁን ሦስት ብርጭቆ አዘጋጁ፦ በሦስቱም ውስጥ እኩል የቡላ ውኃ፤ በአንደኛው ላይ ምራቅ፣ በሁለተኛው ላይ ፈልቶ የቀዘቀዘ ምራቅ፣ በሦስተኛው ላይ ተራ ውኃ። በየደቂቃው ከእያንዳንዱ አንድ ጠብታ ወስዳችሁ አዮዲኑ ላይ ጣል አድርጉ። ለየብርጭቆው የየራሱን ጠብታ መጣያ ተጠቀሙ፣ አለዚያ ይበከላል።

መጀመሪያ ሦስቱም ሰማያዊ ጥቁር ይሆናሉ፤ ስታርች አዮዲን ሲያገኝ እንዲያ ነው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ምራቅ የገባበት መስመር ወደ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ወደ ቡናማ፣ በመጨረሻም የአዮዲኑ የራሱ ቀለም ወደሆነው ቢጫ ይሄዳል። ስታርቹ ተቆራርጦ አልቋል። አሚሌዝ የሚባለው የምራቅ ኢንዛይም በልቶታል። የፈላው ምራቅ ያለበት መስመር እስከ መጨረሻው ጥቁር ነው። ኢንዛይም ፕሮቲን ነው፤ ሲፈላ ቅርጹ ይፈርሳል፣ ቅርጹ ሲፈርስ ሥራው ይቀራል። ተራ ውኃ ያለበትም ጥቁር ነው፤ ስታርች በውኃ ስለተበረዘ ብቻ እንደማይጠፋ የሚመሰክረው እሱ ነው።

እዚህ ላይ መምህራንን አንድ ነገር ልለምን። የአንዱ ቡድን በሦስት ደቂቃ ቢጫ ሲሆን የሌላው አሥር ደቂቃ ቢፈጅ "ተሳስታችኋል፣ ድገሙት" አትበሏቸው። የምራቅ አሚሌዝ መጠን ከሰው ሰው ይለያያል። ኢንዛይሙን የሚያዘው ጂን ራሱ በአንዳንዱ ሰው ውስጥ በሁለት ቅጂ፣ በሌላው ውስጥ ከአሥር በላይ ይገኛል። የልጆቹ ልዩነት እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ቁጥር ሰሌዳው ላይ ጻፉና "ለምን ይመስላችኋል?" በሉ። የዚያን ቀን ከታቀደው የበለጠ ባዮሎጂ ታስተምራላችሁ።

ከትምህርት ቤት ወጥቼ ስለ ወባ ልናገር፤ ለእኛ አካባቢ ሩቅ ነገር አይደለምና። የላቦራቶሪ ባለሙያ ከጣት የወሰደውን ደም ስላይድ ላይ አድርቆ ጊምሳ በሚባል ቀለም ያቀልማል፣ ከዚያ በዘይት ሌንስ አንድ ሺህ እጥፍ አጉልቶ ያያል። ተሕዋሱን ካገኘ ነገሩ ቀላል ነው፤ አገኘሁ ይላል። ከባዱ ያላገኘ ጊዜ ነው። በዓለም አቀፉ አሠራር "ወባ የለም" ብሎ ለመጻፍ በወፍራሙ የደም ናሙና ላይ ቢያንስ 100 እይታ፣ ማለትም በሌንሱ የሚታየውን ክብ እያንቀሳቀሰ መቶ የተለያየ ቦታ ማየት አለበት። አሥር ቦታ ብቻ አይቶ "አላየሁም" ቢል ቃሉ እውነት ነው፤ "የለም" ካለ ግን ከሚያውቀው በላይ ተናግሯል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የአንድ ሕፃን ሕይወት ሊሆን ይችላል። ተማሪዎች፣ ስላይዳችሁን አንዴ አይታችሁ "ኒውክለስ የለውም" ብላችሁ ስትጽፉ ይህን አስቡ። "በዚህ ማጉያ፣ ሳይቀለም፣ ኒውክለስ አላየሁም" ብላችሁ ጻፉ።

ማወዳደር ምን ያህል ሩቅ እንደሚወስድ ለማየት የአገራችንን ሰው ዶክተር አክሊሉ ለማን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አካባቢ ቢልሃርዚያ የተባለውን ከውኃ የሚይዝ የትል በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ሲያጠና፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አየ። እንዶድ ልብስ እንደሚያነጣ ማንም ያውቅ ነበር። የሞተ ቀንድ አውጣም ብዙ ሰው አይቷል። እሱ ግን ከማጠቢያው በታች ያለውን ከሌላው የወንዙ ክፍል ጋር አስተያየ። ሌላው የወንዙ ክፍል ማነጻጸሪያ ሆነለት። ከዚያ በኋላ ነው ፍሬው ላቦራቶሪ ገብቶ የተፈተነው፣ ቀንድ አውጣ ገዳይነቱም የተረጋገጠው። ዶክተር አክሊሉ ከባልደረባው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብሏል። ሲጀምር የነበረው ወንዝ ነው፣ ዓይን ነው፣ ማወዳደር ነው።

ወደ ቤታችን ስንመጣ ቡናው አለ። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ። ፈንገስ ነው፤ አረንጓዴውን ፍሬ እያጠቆረ ያረግፈዋል። በበሽታው በተመታ ጫካና ማሳ መሐል ግን አንዳንድ ዛፍ ፍሬውን ይዞ ቆሞ ይገኝ ነበር። ተመራማሪዎች እነዚህን እናት ዛፎች እየፈለጉ መረጡ። ዛሬ እዚህ ያለ ገበሬ ሁሉ በቁጥር የሚጠራቸው 74110 እና 74112 የዚያ ሥራ ውጤቶች ናቸው፤ 74 የሚለው የተመረጡበትን 1974 ያመለክታል። መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የዚህ ታሪክ ቤት ነው፤ ትምህርት ቤቶች ልጆች ይዘው ቢሄዱ ደስ ይለኛል። ከባዮሎጂው አንጻር ትልቁ ጥያቄ ይህ ነበር፦ ያ ዛፍ ጤነኛ የሆነው በሽታውን ስለሚቋቋም ነው ወይስ ፈንገሱ በአጋጣሚ ስላልደረሰበት? ከሩቅ ሲያዩአቸው ሁለቱ አንድ ናቸው። መለያው መንገድ ፈንገሱን ሆን ብሎ ማስነካት፣ በጎኑም በቀላሉ የሚጠቃ ዓይነት አስቀምጦ እኩል ማስነካት ነው። የሚጠቃው ታሞ ያኛው ከቆመ መቋቋም አለ። የሚጠቃውም ካልታመመ ሙከራው ራሱ አልሠራም፤ ስለ ጤነኛው ምንም ማለት አይቻልም። ይህን ሁለተኛውን ክፍል የምንዘነጋው ብዙዎች ነን።

አንድ የውጭ ምሳሌ ብቻ ልጨምር። ቫን ሄልሞንት የተባለ ሰው 90 ኪሎ ያህል የደረቀ አፈር መዝኖ ትልቅ ማሰሮ ውስጥ 2 ኪሎ ከምናምን የምትመዝን የአኻያ ችግኝ ተከለ። አምስት ዓመት ውኃ ብቻ አጠጣት። ዛፏ 77 ኪሎ ገደማ ሆነች። አፈሩን አድርቆ ሲመዝነው የጎደለው 60 ግራም እንኳ አይሞላም። ዛፍ ከውኃ ነው የሚሠራው ብሎ ደመደመ። ድምዳሜው ስህተት ነበር፤ አየሩን አላሰበውም፤ ዛፍ የአካሉን ካርቦን የሚያገኘው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ1648 ታተመ። ዛሬም የምናስተምረው ለምንድን ነው? ሚዛኑን ያየውን ያህል ስለጻፈ ነው። ድምዳሜው ወደቀ፣ ቁጥሩ ግን ከእሱ በኋላ ለመጡት ሁሉ አገለገለ። የዚያን ዘመን ሊቃውንት እንደሚሉት ዛፍ አፈር የሚበላ ከሆነ ይህን ያህል ኪሎ መጉደል ነበረበት ብሎ ቁጥሩን አስተካክሎት ቢሆን ምንም አይተርፈንም ነበር።

ስለዚህ የላብ ሪፖርት አጻጻፋችን መለወጥ አለበት ብዬ አምናለሁ። አሁን በብዙ ቦታ ዓላማ፣ መሣሪያ፣ አሠራር፣ ውጤት፣ ድምዳሜ ተብሎ ሙከራው ሳይሠራ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፣ ልጆቹም ይገለብጣሉ። ስልሳ ደብተር ላይ ስልሳ አንድ ዓይነት ውጤት! መምህሩን አልወቅስም። ብሔራዊ ፈተናው ምርጫ ነው፣ ክፍለ ጊዜው አጭር ነው፣ ምዕራፉ ማለቅ አለበት። ግን አንድ ነገር ያለ ገንዘብ መለወጥ ይቻላል። ልጁ ሙከራውን ከመጀመሩ በፊት የሚጠብቀውን በአንድ ዓረፍተ ነገር በእስክሪፕቶ ይጻፍ፤ መላምት ይህ ነው። ከዚያ ያየውን ከሥሩ በእስክሪፕቶ ይጻፍ። ሁለቱ ካልተገጣጠሙ ማንም አይሰርዝ። ማርኩም ለአጻጻፉና ላቀረበው ምክንያት ይሰጥ። እርሳስ ለሥዕል ብቻ ይሁን።

ከዚህ በኋላ ጥያቄዎች ተነሡ።

አንድ መምህር በአንድ ክፍል ከስልሳ በላይ ተማሪ፣ የሚሠራ አንድ ማይክሮስኮፕና ጊዜው ያለፈበት ኬሚካል ይዘው ምን ማድረግ እንደሚችሉ ጠየቁኝ። ጋሼ፣ ጥያቄዎ ትክክል ነው፤ መሣሪያ አያስፈልግም ብዬ ላታልልዎ አልፈልግም፤ ያስፈልጋል። እስኪመጣ ግን ብዛቱን ራሱ ይጠቀሙበት። በአምስት አምስት ቢከፍሏቸው አሥራ ሁለት ቡድን ነው። በቡላው ሙከራ አንዱ ቡድን በቀዝቃዛ ውኃ፣ አንዱ በክፍሉ ሙቀት፣ አንዱ ለብ ባለ፣ አንዱ በትኩስ ውኃ ይሥራ፤ እያንዳንዱን ሙቀት ሦስት ሦስት ቡድን ይያዘው። በአንድ ክፍለ ጊዜ ሰሌዳው ላይ አሥራ ሁለት ቁጥር፣ ከነድግግሞሹ ያገኛሉ። ይህን ያህል ቁጥር አሥር ተማሪ ያለው የግል ትምህርት ቤት አያገኝም። ለማይክሮስኮፑ ደግሞ የስልክ ካሜራ ከማያው ሌንስ ጋር አስጠግተው ቢይዙት ምስሉ ስክሪን ላይ ይመጣል፤ ስድስት ልጅ ባንዴ ያየዋል። ከዚያ ግን ፎቶውን ማስቀመጥ ብቻውን አይበቃም፣ ይሳሉት። እጅ የሚስለውን ዓይን ጠንቅቆ ያየዋል።

አንዲት እናት ልጃቸው እነዚህን ሙከራዎች ቤት ውስጥ ቢሠራ አደጋ እንደሌለው ጠየቁ። የሽንኩርቱና የቡላው አያሰጋም። አዮዲኑን ሕፃን እንዳይጠጣው ይከልሉት፣ የተሞከረበት ቡላ አይበላም፣ ሁሉም በየራሱ ምራቅ ይሥራ። ሁለት ነገር ግን ቤት ውስጥ አይሞከርም። አንደኛው ቅጠልን በአልኮል ቀቅሎ አረንጓዴውን የማውጣት ሙከራ ነው። አልኮል ባሕር ጠለል ላይ በ78 ዲግሪ ይፈላል፣ እዚህ ከዚያም ዝቅ ብሎ፤ እንፋሎቱ እሳት ካገኘ ይቀጣጠላል። ትምህርት ቤትም ቢሆን በመጀመሪያ ውኃው ይፈላል፣ እሳቱ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፣ ከዚያ በኋላ ነው የአልኮሉ ዕቃ ሙቁ ውኃ ውስጥ የሚቀመጠው። ሁለተኛው ደም ነው። የደም ዓይነት ለማየት ተብሎ በአንድ መርፌ ብዙ ልጅ መውጋት በምንም ምክንያት አይፈቀድ፤ ኤች አይ ቪም ሄፓታይተስ ቢም በዚያ መንገድ ይተላለፋሉ። ለዚህ የሠለጠነ ሰውና ለእያንዳንዱ ልጅ አዲስ መርፌ ከሌለ ይቅር።

የመጨረሻው ጥያቄ የአንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበር። የሳይንስ ክበባቸው የራሱን ምርምር መጀመር ይፈልጋል፤ ከየት እንጀምር አለችኝ። ከአዌቱ ጀምሩ፣ ልጄ። ወንዙ ከተማውን አቋርጦ ነው የሚያልፈው። ወደ ከተማው ከመግባቱ በፊት አንድ ቦታ፣ ከከተማው ከወጣ በኋላ አንድ ቦታ ምረጡ፤ የውኃው ፍጥነትና የወለሉ ድንጋይ በተቻለ መጠን ይመሳሰል። በእያንዳንዱ ቦታ በእኩል ደቂቃ፣ በአንድ ዓይነት ወንፊት ከድንጋዩ ሥር ያሉትን ነፍሳት ሰብስቡና ነጭ ትሪ ላይ ቁጠሩ። ጭራቸው ሁለት ወይም ሦስት ክር የሆነ፣ ከጎናቸው ትንንሽ ስንጥብ ያላቸው እጮች ኦክስጅን የሞላው ንጹሕ ውኃ ይወዳሉ። ቀጭን ትል የሚመስሉ ቀያይ እጮች ደግሞ ኦክስጅን ባነሰበት ጭቃም ይኖራሉ፤ ቅላታቸው እንደ እኛ ደም ከሄሞግሎቢን ነው፣ ጥቂቷን ኦክስጅን ለመያዝ ይረዳቸዋል። ስማቸውን ባታውቁ ግድ የለም፣ ዓይነት አንድ፣ ዓይነት ሁለት ብላችሁ ሳሉና ቁጠሩ። ከመምህር ጋር ሂዱ፣ ረጅም የላስቲክ ጓንትና ቦት ጫማ አድርጉ፣ ውኃው ውስጥ በባዶ እግር አትግቡ፣ ስትጨርሱ በሳሙና ታጠቡ። ደብተሩ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የቆጠረውን ልጅ ስም ጻፉ። ከዋዜማው ዝናብ ዘንቦ ከነበረም እሱን ጻፉ፤ ጎርፍ እጮቹን ጠርጎ ሊወስዳቸው ይችላል፣ በሚቀጥለው ወር ስትመለሱ ቁጥሩ ለምን እንደተለወጠ የምታውቁት በዚያ መስመር ነው።